ካፉዌ ሰማያዊ የሆነ ጊዜ፦ የዛምቢያ መንግሥት መዳቡን እንዴት ተቆጣጠረ?

ኖቬምበር 2006 ላይ በዛምቢያ የመዳብ ቀበቶ በሚባለው የማዕድን አካባቢ፣ ቺንጎላ በምትባል የማዕድን ከተማ አቅራቢያ የሚያልፈው የካፉዌ ወንዝ ቀለሙ ተቀየረ። ሰማያዊ ሆነ። የሰማይ ነጸብራቅ አልነበረም። መዳብ በአሲድ ሲሟሟ የሚያመጣው ሰማያዊ ነው። ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የመዳብ ሰልፌት ያየ ሰው ያን ቀለም አይረሳውም።

ከተማው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። በወንዙ ዳር ባሉት መንደሮች ግን የሚቋረጥ ቧንቧም አልነበረም። ሰዉ የሚጠጣውን የሚቀዳው ከወንዙና ከገባር ጅረቶቹ ነው። ጓሮውን የሚያጠጣው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ልብሱን የሚያጥበውም እዚያው ነው። እናት ጄሪካኗን ይዛ ወርዳ ሰማያዊ ውሃ ብታይ ምን ትቀዳለች? ሌላ የምትሄድበት የላትም።

(ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር፦ እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ከብክለቶች ሁሉ የከፋው ስለሆነ አይደለም። የባሰም አለ፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እመጣበታለሁ። የመረጥኩት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በፍርድ ቤት መዝገብ የተያዘ ስለሆነ ነው። ሕጉ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነበር። የፈቃድ ወረቀቱ፣ ዳኛው፣ ፓርላማው፣ ሁሉም ነበሩ። እንዲያም ሆኖ የመንደሩ ሰው ለንደን ድረስ ሄዶ ለመክሰስ 9 ዓመት ፈጀበት። ነገሩ በካሳ እስኪያልቅ ደግሞ 14 ዓመት ሞላ። ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ካለ፣ ምን ጎድሎ ነው?

መዳቡ የማን ነው?

ዛምቢያ ማለት መዳብ ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። አገሪቱ ወደ ውጭ ልካ ከምታገኘው ገቢ 70 በመቶ ያህሉ ከመዳብ ነው። በአፍሪካ በምርት የምትበልጣት ኮንጎ ብቻ ናት።

በ1964 ነጻ ስትወጣ ማዕድኑ በሁለት የውጭ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ በ1969 መንግሥት 51 በመቶውን እንደሚይዝ አወጁ። በ1982 ሁሉም ተጠቃሎ ዜድሲሲኤም የሚባል አንድ ግዙፍ ድርጅት ሆነ። ዜድሲሲኤም መዳብ ብቻ አልነበረም የሚያወጣው። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሠራተኛው ቤት፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሳይቀር የእሱ ነበር። የመዳብ ቀበቶ ሰው ከልደት እስከ ቀብር በድርጅቱ ጥላ ሥር ነው የኖረው።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የመዳብ ዋጋ ወደቀ። ድርጅቱ ማሽን የሚቀይርበት ገንዘብ አጣ። በአንድ ወቅት በዓመት ከ700 ሺህ ቶን በላይ ይወጣ የነበረው መዳብ በ2000 ወደ 250 ሺህ ቶን ገደማ ወረደ። ዕዳው ተቆለለ። አበዳሪዎቹም «ሽጡ» አሉ።

እኔ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሻጭ ከቸኮለ ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። መንግሥት ከየገዢው ጋር ለየብቻ «የልማት ስምምነት» የሚባል ውል ተፈራረመ። ውሎቹ ለዓመታት ከሕዝብ ተደብቀው ቆዩ። የሮያሊቲ ክፍያው 0.6 በመቶ ነበር። ከ100 ዶላር መዳብ ለባለአገሩ 60 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። የግብር ሕጉ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዳይነካ ቃል ተገባ። ስለ ብክለትም ኩባንያዎቹ ከዜድሲሲኤም የወረሱትን ያረጀ ነገር እስኪያስተካክሉ ፋታ የሚሰጡ አንቀጾች ገቡ። ተቆጣጣሪው ገና ሥራውን ሳይጀምር እጁን በውል አሰረ።

ቺንጎላ ላይ ያለው የንቻንጋ ማዕድን ኮንኮላ ኮፐር ማይንስ ለሚባል ኩባንያ ተሰጠ፤ ሰዉ የሚያውቀው በአጭሩ ኬሲኤም ብሎ ነው። በ2000 የገዛው አንግሎ አሜሪካን የሚባል የማዕድን ኩባንያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥሎ ወጣ። መንግሥት ደነገጠ። ማዕድኑ ከተዘጋ ከተማው ይዘጋል። በ2004 ለንደን የተመዘገበው የህንዶቹ ቬዳንታ 51 በመቶውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በኋላ ድርሻው 79.4 በመቶ ደረሰ። የቀረው 20.6 በመቶ የዛምቢያ መንግሥት ነው።

ይህቺን 20.6 በመቶ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2014፣ የቬዳንታው ሊቀመንበር ህንድ ውስጥ ባንጋሎር ላይ ንግግር ሲያደርጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ዛምቢያ ደረሰ። በ25 ሚሊዮን ዶላር የገዙት ማዕድን በየዓመቱ ቢያንስ 500 ሚሊዮን ዶላር እያስገባላቸው እንደሆነ ለታዳሚው ሲነግሩ ይሰማል። አገሩ ተቆጣ። ኩባንያው ለዛምቢያ ባለሥልጣናት ትርፍ የለኝም ሲል ነበር የኖረው። የሚያሳዝነው ሕዝቡ ስለ ራሱ ማዕድን የሰማው ከራሱ መንግሥት አለመሆኑ ነው። ከባንጋሎር አዳራሽ ነው የሰማው።

ቧንቧው

ንቻንጋ ግዙፍ ነው። ክፍት ጉድጓዱ በዓለም ሁለተኛው ትልቁ ነው ይባላል። ኬሲኤም 16 ሺህ ያህል ሰው ይቀጥር ነበር፤ በግሉ ዘርፍ ከአገሪቱ አንደኛ።

መዳብ ከድንጋይ ሲወጣ ድንጋዩ ይፈጫል፣ መዳቡ ይለያል፣ የቀረው ደቃቅ ዝቃጭ ይጣላል። በዝቃጩ ውስጥ ግን ሁሌም ትንሽ መዳብ ይቀራል። ንቻንጋ ላይ ይህን የተጣለ ዝቃጭ በሰልፈሪክ አሲድ እንደገና እያጠበ መዳቡን የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከተጣለ ነገር ገንዘብ ማውጣት ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጭቃ አሲድ ነው። ስለዚህ ኖራ ተጨምሮበት አሲዱ መርገብ አለበት። ከዚያ በረጅም ቧንቧ ተገፍቶ ሙንቲምፓ ወደሚባል የዝቃጭ ግድብ ይሄዳል።

እስቲ ቧንቧውን ቀረብ ብለን እንየው። ውስጡ የሚሄደው ውሃ አይደለም። አሸዋም አሲድም ያለበት ጭቃ ነው። አሸዋው ቧንቧውን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። አሲዱ ደግሞ ይበላዋል። ይበልጥ የሚሳሳው ከታች በኩል ነው፤ ከባዱ አሸዋ የሚሳበው በሆዱ ላይ ስለሆነ። ስለዚህ ውፍረቱ በየጊዜው ይለካል። ሲሳሳ ቧንቧው ዞሮ ያልተነካው ጎኑ ወደ ታች ይደረጋል። ዞሮ ዞሮ ሲያልቅ ይቀየራል። ይህ ትልቅ ሳይንስ አይደለም። የጥገና ክፍሉ መዝገብ፣ አንድ የውፍረት መለኪያና የመለዋወጫ በጀት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ቧንቧ በአንድ ቀን አይፈነዳም። ወራት ሙሉ «ሳሳሁ፣ ሳሳሁ» እያለ ነው የሚፈነዳው።

የንቻንጋው ቧንቧ ፈነዳ። ጭቃው ሙሺሺማ ጅረት ገባ። ሙሺሺማ ወደ ካፉዌ ይፈሳል።

ካፉዌ ለዛምቢያ፣ አዋሽ ለእኛ እንደሆነው ነው ብል የሚቀርበን ይመስለኛል። ተነስቶ እስኪያልቅ ከአገሩ አይወጣም፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዛምቤዚ ውስጥ ይገባል። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በተፋሰሱ ውስጥ ነው። ዋና ከተማዋ ሉሳካም ከእሱ ትጠጣለች። ቺንጎላ ላይ የገባበት ነገር ቺንጎላ አይቀርም።

ተቆጣጣሪው የት ነበር?

በሕግ ረገድ ዛምቢያ ባዶ እጇን አልነበረችም። የብክለት መቆጣጠሪያ ሕግ በ1990 ወጥቷል። የአካባቢ ጥበቃ ምክር ቤትም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነበር። ፋብሪካ ፈሳሽ ወደ ወንዝ ለመልቀቅ ፈቃድ ማውጣት፣ የሚለቀውን መለካትና ውጤቱን ማቅረብ አለበት። የማዕድን ደኅንነት የሚቆጣጠር ሌላ መሥሪያ ቤትም አለ።

ችግሩ ያለው «መለካትና ማቅረብ» የሚለው ላይ ነው። ውሃውን የሚቀዳው ኩባንያው ነው። የሚመረምረው ኩባንያው ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ኩባንያው ነው። የመንግሥት ሰው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሉሳካ ተቀምጦ ወረቀቱን ያነባል። አልፎ አልፎም መኪና ሲገኝ፣ ነዳጅ ሲፈቀድ ሄዶ ያያል። ሲሄድም አስቀድሞ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ አሠራር ተቆጣጣሪው የሚያየው የወንዙን ገጽ አይደለም፤ ኩባንያው ስለ ወንዙ የጻፈውን ነው።

ቧንቧው ሲፈነዳ ምክር ቤቱ ዝም አላለም። ፋብሪካው ሥራ እንዲያቆም አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ሥራ ጀመረ። በ2010 ደግሞ ኬሲኤም ካፉዌን በመበከል በወንጀል ተከስሶ ጥፋቱን አመነ። የተፈረደበት ቅጣት ወደ ዶላር ሲመነዘር 5,000 እንኳን አይሞላም። አምስት ሺህ ዶላር! ያን የሚያህል ቧንቧ በጊዜው መቀየር ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስወጣል። የሒሳብ ሠራተኛ ሆነህ ብታስበው መልሱ ግልጽ ነው። ቅጣቱን መክፈል ይረክሳል። መንግሥት ራሱ ነው ብክለትን ከጥገና የረከሰ ያደረገው።

አሁን ወደ 20.6 በመቶዋ ልመለስ። መንግሥት የማዕድኑ ባለአክሲዮን ነው። ኩባንያው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል። ግብርም ይሰበስባል። 16 ሺህ ሠራተኛና ቤተሰቡ ደግሞ በምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አንግሎ አሜሪካን ጥሎ የወጣበት ድንጋጤ ገና አልተረሳም። እንግዲህ የአካባቢ ጥበቃው ኃላፊ «ፋብሪካው ይዘጋ» ብሎ ቢጽፍ ደብዳቤው ማን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው? የባለድርሻው ጠረጴዛ ላይ። እኔ እንደሚመስለኝ የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ይኸ ነው። ሠራተኞቹ ሰነፎች ወይም ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። ተቆጣጣሪና ባለጥቅም አንድ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ባለጥቅሙ ነው ድምፁ የሚሰማው።

መንግሥት ሲቆርጥ መቆጣጠር እንደሚችል የሚያሳይም ጉዳይ አለ። እዚያው የመዳብ ቀበቶ ላይ ሞፓኒ የሚባል ሌላ ማዕድን ነበር፤ ዋና ባለቤቱ የስዊዘርላንዱ ግሌንኮር። የዛምቢያ ገቢዎች መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያዎች አስገብቶ አስመረመረ። ሞፓኒ መዳቡን ለራሱ ባለቤት ኩባንያ የሚሸጥበትን ዋጋ ተከታተለ። ነገሩ ረጅም ዓመት ፈጀ። በሜይ 2020 የዛምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለገቢዎች ፈረደ። ኩባንያው ከ2006 እስከ 2009 ላለው ጊዜ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚመነዘር ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ተወሰነ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ገቢዎች የራሱ ባለሙያ ነበረው፤ ሥራውም አንድ ብቻ ነው፣ ገንዘብ መሰብሰብ። ለወንዙ እንዲህ ያለ ጠበቃ አልነበረውም።

ሁለት ሺህ አንድ ሰዎች

የመንደሩ ሰው ሲጠብቅ ቆይቶ ራሱ ተነሳ። አንድ የቺንጎላ ነዋሪና ሌሎች 2,000 ሰዎች ኬሲኤምን ሉሳካ ላይ ከሰሱ። በ2011 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ፊሊፕ ሙሶንዳ ፈረዱላቸው። ፍርዱ ለስለስ ያለ አልነበረም። ኩባንያው ከባድ ግድየለሽነት አሳይቷል አሉ። አስፈላጊው መሣሪያና ጥገና እንዳልነበረ ጻፉ። ኩባንያው በፖለቲካ ትውውቁና በገንዘብ አቅሙ ከወንጀል ክስ ተከልሎ እንደቆየም ከከሳሾቹ ጋር ተስማሙ። አንድ የአገር ዳኛ ይህን በፍርድ መዝገብ ላይ ማስፈሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ መንግሥት ቁጥጥር ከተጻፈው ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ይበልጥብኛል።

ካሳው በጠቅላላ በአሮጌው ገንዘብ 10 ቢሊዮን ክዋቻ ነበር፤ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ለአንድ ሰው ሲካፈል 1,000 ዶላር ያህል ይደርሳል።

ኬሲኤም ይግባኝ አለ። በ2015 የዛምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው በክሎአል የሚለውን አጸና። ካሳው ግን የሚገባው የሕክምና ማስረጃ ላቀረቡት ብቻ ነው አለ። የሕክምና ማስረጃ የነበራቸው 12 ሰዎች ናቸው። ከ2,001 ሰው 12።

የሕጉ ሎጂክ ይገባኛል። ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው ማስረጃ ማምጣት አለበት። ነገር ግን ሰዎቹን አስቡ። ሆዱን የቆረጠው የመንደር ገበሬ ክሊኒክ ሄዶ «ሕመሜ ከመዳብና ከአሲድ የመጣ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ» ሊል ነው? ደሙን የሚመረምርለት ላቦራቶሪ የት አለ? ያን ማስረጃ በጊዜው መሰብሰብ የነበረበት መንግሥት ነበር። ውሃው ሰማያዊ በሆነበት ሳምንት ሐኪሞች ልኮ፣ ደም ቀድቶ፣ ስም መዝግቦ ቢሆን ኖሮ 12 የሚለው ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር። የቁጥጥር ጉድለት የሚጎዳው በፈነዳው ቀን ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ስትቆም ባዶ እጅህን ያስቀርሃል።

ለንደን

በዚያው በ2015 የቺንጎላ አካባቢ የአራት መንደሮች ነዋሪዎች የሆኑ 1,826 ሰዎች ለንደን ላይ አዲስ ክስ ከፈቱ። ጠበቆቻቸው ሊ ዴይ የሚባሉት ነበሩ። የከሰሱትም ኬሲኤምን ብቻ አይደለም። እናት ኩባንያውን ቬዳንታንም ጭምር ነው።

ቬዳንታ «ብክለቱ የደረሰው ዛምቢያ፣ ከሳሾቹ ዛምቢያውያን፣ ሕጉም የዛምቢያ ነው፤ እዚህ ምን አመጣቸው?» አለ። ክርክሩ በዚህ ብቻ አራት ዓመት ፈጀ። ስለ ውሃው ገና አንድም ምስክር አልተሰማም። ኤፕሪል 10 ቀን 2019 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመንደርተኞቹ ወሰነ።

ውሳኔው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ስለ ቁጥጥር ናቸው። አንደኛው፣ ቬዳንታ ራሱ ባሳተማቸው ሰነዶች በማዕድኖቹ ሁሉ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ እንደሚያወጣና እንደሚከታተል ለዓለም ተናግሯል። እንግዲያው «ልጄ ያጠፋውን አላውቅም» ማለት ሊከብደው ይችላል፤ ጉዳዩ ቢያንስ ለችሎት የሚበቃ ነው ተባለ። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች ያማረ ወረቀት ሲያሳትም መንደርተኞቹ ያን ወረቀት ይዘው መጡበት።

ሁለተኛው ለዛምቢያ የሚያም ነው። ዳኞቹ ጉዳዩ በተፈጥሮው እዚያው ዛምቢያ ቢታይ ይቀል እንደነበር አምነዋል። ግን እነዚህ ሰዎች እዚያ እውነተኛ ፍትሕ የማግኘት ዕድል የላቸውም አሉ። ዳኞቹ አይታመኑም አላሉም፤ ይህ በግልጽ መታወቅ አለበት። ያሉት ይህን ነው፦ ከሳሾቹ እጅግ ድሆች ናቸው። ጠበቃ ከካሳው ድርሻ ወስዶ እንዲሟገት የአገሩ ሕግ አይፈቅድም። የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ለዚህ ዓይነት ክስ አይደርስም። እንዲህ ያለ ግዙፍ ክስ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተፋጥጦ የሚዘልቅ ልምድ ያለው የጠበቆች ቡድንም የለም።

ጃንዋሪ 2021 ላይ ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ከሳሾቹ 2,577 ደርሰው ነበር፤ ብዙ ልጆችም ነበሩባቸው። ኩባንያዎቹ ጥፋተኝነት ሳያምኑ ከፈሉ። የገንዘቡ መጠን አልተገለጸም። ዋናው ክርክር፣ ማለትም ቧንቧው ለምን እንደፈነዳና ማን ያውቅ እንደነበር፣ ለንደን ችሎት ላይ አልተሰማም።

ጅብ ከሄደ

የለንደኑ ውሳኔ ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሜይ 2019 ላይ፣ የዛምቢያ መንግሥት በባለድርሻነቱ ሉሳካ ፍርድ ቤት ሄዶ ኬሲኤም እንዲፈርስ ጠየቀ። ቬዳንታ ከማዕድኑ ወጣ። የመንግሥት ሰዎች ኩባንያው የፈቃዱን ግዴታ አልተወጣም፣ ቃል የገባውን አላፈሰሰም አሉ። በፕሬዚዳንት ኤድጋር ሉንጉ ዘመን ነው። ሰዉ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ።

እኔ ያኔም አሁንም ደስታው አልተዋጠልኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለቧንቧ ውፍረት መለኪያ ያልተገኘ ቁርጠኝነት በአንድ ጊዜ ኩባንያ ለመንጠቅ ተገኘ። መንጠቅ ደግሞ ቁጥጥር አይደለም። ማዕድኑ ዓመታት በአጣሪ እጅ ቆየ። ዕዳው አልተከፈለም፣ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን ጠበቁ፣ ምርት ወረደ። ሃካይንዴ ሂቺሌማ በ2021 ተመረጡ። በ2023 መንግሥታቸው ማዕድኑን ለቬዳንታ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ኩባንያው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያፈስ ቃል ገባ። በ2024 አጋማሽ ቬዳንታ ተመልሶ ገባ። ያው ባለቤት፣ ያው ጉድጓድ፣ ያው ወንዝ።

ፌብሩዋሪ 2025

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ከኪትዌ ከተማ አጠገብ ቻምቢሺ ላይ የሌላ ኩባንያ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። ሲኖ ሜታልስ ሊች ዛምቢያ የሚባል፣ የቻይና መንግሥት ድርጅት ንብረት ነው። አሲዱ መጀመሪያ ምዋምባሺ ጅረት ገባ፤ ከዚያ ካፉዌ። ዓሣ ሞቶ በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። በዳሩ ያለ በቆሎ ደረቀ። ኪትዌ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሙሉ በሙሉ የውሃ አቅርቦቷ ተዘጋ።

የመጀመሪያው ይፋ ግምት 50 ሚሊዮን ሊትር ነበር። ከወራት በኋላ ኩባንያው ራሱ የቀጠረው የደቡብ አፍሪካ የአካባቢ ጥናት ድርጅት የፈሰሰው ነገር 1.5 ሚሊዮን ቶን ይሆናል አለ። ኩባንያው ከድርጅቱ ጋር ያለውን ውል አቋረጠ። መንግሥት ውሃው ወደ ደኅና ተመልሷል ሲል፣ ኦገስት ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞቹን ከአካባቢው አስወጣ። አሁንም ያው ነው፤ ለካው የተባለው ኩባንያው የከፈለው ሰው ነው። የለካውን ያልወደደው ኩባንያው ነው። የመንደሩ ሰው በሁለቱ መካከል ቆሞ ውሃውን ይጠጣ አይጠጣ አያውቅም።

አንድ ምስል ከአእምሮዬ አይጠፋም። አደጋው እንደደረሰ መንግሥት አውሮፕላንና ፈጣን ጀልባ አሰማርቶ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ኖራ ወንዙ ላይ አስጣለ። አሲዱን ለማርገብ ነው። ያችው ኖራ ናት። ንቻንጋ ላይ ከቧንቧው በፊት መጨመር የነበረባት ኖራ፣ በጆንያ የምትገዛው፣ ርካሿ። አሁን ከአየር ኃይል አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተዘርግፋ እንደ ነጭ ጉም ካፉዌ ላይ ወረደች።

አርሶ አደሮቹ ሉሳካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደው 80 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቀዋል። ዛምቢያም የማዕድን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሚያቋቁም አዲስ ሕግ በ2024 አውጥታለች። በዚያው መንግሥት ዕቅድ የአገሪቱ የመዳብ ምርት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ማደግ አለበት፤ በ2024 የተመረተው 820 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ከአራት እጥፍ የሚጠጋ ድንጋይ ይፈጫል፤ ዝቃጩም በዚያው ልክ ይጨምራል። የሙሺሺማና የምዋምባሺ ውሃ ዛሬም ወደ ካፉዌ ይፈሳል። ኮሚሽኑ የራሱን ጠርሙስ ይዞ፣ ሳይነገር ሄዶ፣ ከቧንቧው ሥር ውሃ የሚቀዳ ሰው ስንት ይቀጥራል? ዕቅዱ ላይ ስለ ቶኑ እንጂ ስለዚያ ሰው ሲወራ አልሰማሁም።